ወሰኑን ማን አሰመረው? ቁጥሮች በምድብ የተከፈሉበት የሦስት መቶ ስድሳ ዓመት ታሪክ

«ዕድሜ፦ 18–24፣ 25–34፣ 35–44» ከሚሉ ሣጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት አድርጎ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ጋዜጣ ላይም የሕዝብ ብዛት በአምስት በአምስት ዓመት፣ ደመወዝ በሺህ በሺህ፣ የፈተና ውጤት በአሥር በአሥር ነጥብ ተከፍሎ በቋሚ አሞሌዎች ተስሎ እናያለን። ዕድሜም ሆነ ቁመት፣ ክብደትም ሆነ የሙቀት መጠን ግን በራሳቸው የተቆራረጡ አይደሉም። 24 ዓመት ከ11 ወር የሆነው ወጣትና 25 የደፈነው ጓደኛው በመጠይቁ ላይ ቢለያዩም በሕይወት ውስጥ አንድ ናቸው። መቁረጫውን የሚያስቀምጠው ሰው ነው፤ ያ ሰው መቁረጫውን የት እንዳስቀመጠና ለምን እንዳስቀመጠ መጠየቅ የተለመደው ደግሞ ብዙ ስሕተት ከተሠራ በኋላ ነው። (የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ በ«ዓ.ም.» ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1662–1728፦ ዕድሜ ያልተጻፈበት መዝገብ

በ17ኛው መቶ ዘመን የለንደን አጥቢያዎች የሟቾቻቸውን ቁጥር በየሳምንቱ ያሳትሙ ነበር። ምክንያቱ ቸነፈር ነው፤ ሞት ሲበረታ ባለጠጋው ከተማዋን ለቅቆ ለመውጣት ቀድሞ ማወቅ ይፈልግ ነበር። ሬሳውን አይተው የሞቱን ምክንያት የሚናገሩት ለዚሁ ሥራ የተመደቡ አሮጊቶች ነበሩ። መዝገቡ ሰው በምን እንደሞተ ይናገራል፤ በስንት ዓመቱ እንደሞተ ግን አይናገርም።

ጆን ግራውንት የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በ1662 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጉድለት በሚገርም ብልሃት ተሻገረው። በሃያ ዓመት ውስጥ ከሞቱት 229,250 ሰዎች 71,124ቱ የሞቱት ሕፃናትን ብቻ እንደሚይዙ በሚታወቁ ሕመሞች መሆኑን ቆጠረ። በፈንጣጣ፣ በኩፍኝና በመሳሰሉት ካለቁት ደግሞ ግማሹን ልጆች ናቸው ብሎ ጨመረ። ቸነፈር የልጅ አዋቂ ስለማይለይ በእሱ የሞቱትን 16,000 ያህል ሰዎች ከጠቅላላው ቀነሰ። ሲያካፍለው ውጤቱ ይህ ሆነ፦ ከመቶ ሕፃናት 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜ በአሥር በአሥር ዓመት ከፈለው። ከመቶው 64ቱ ስድስት ዓመት ይደርሳሉ፤ 16 ዓመት የሚደርሱት 40፣ 26 የሚደርሱት 25፣ 36 የሚደርሱት 16፣ 46 የሚደርሱት 10፣ 56 የሚደርሱት 6፣ 66 የሚደርሱት 3 ናቸው፤ 76 የሚደርሰው አንድ ብቻ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 36 ሟቾች በስተቀር እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው ግምት ናቸው። ቢሆንም የሰውን ዕድሜ በእኩል ክፍል ከፍሎ በእያንዳንዱ ክፍል ስንት ሰው እንደሚጠፋ በአንድ ሰንጠረዥ ማሳየት ከእሱ በፊት በሰፊው የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

በ1693 የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ኤድመንድ ሃሌይ ከብሬስላው ከተማ የተላከለትን፣ ዕድሜ የተጻፈበትን እውነተኛ መዝገብ ይዞ የተሻለ ሰንጠረዥ ሠራ። የለንደኑ መዝገብ ራሱ ዕድሜ መጻፍ የጀመረው በ1728 ነው። አከፋፈሉ ግን ለሠዓሊ ወጥመድ ነበረው፦ ከ2 ዓመት በታች፣ ከ2 እስከ 5፣ ከ5 እስከ 10፣ ከዚያ በኋላ በአሥር በአሥር። የመጀመሪያው ምድብ ሁለት ዓመት ብቻ ይይዛል፣ የመጨረሻዎቹ አሥር አሥር። ሁለቱን እኩል ስፋት ባላቸው አሞሌዎች ጎን ለጎን ያቆመ ሰው የሕፃናቱን ሞት በአምስት እጥፍ አሳንሶ ያሳያል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የአሞሌው ቁመት ሳይሆን ስፋቱ ከቁመቱ ጋር ተባዝቶ የሚሰጠው ቦታ ቁጥሩን ይወክል። ይህ ሐሳብ ደንብ ሆኖ እስኪጻፍ ድረስ ግን ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ አለፈ።

1786–1833፦ ሥዕል ከሰንጠረዥ ሲወለድ

አሞሌውን ያመጣው ዊልያም ፕሌይፌር ነው። በ1786 ባሳተመው የንግድ አትላስ የእንግሊዝን ወጪና ገቢ በዓመታት ተከታታይ መስመር ሣለ። ለስኮትላንድ ግን የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ስለነበረው መስመር መሳብ አልቻለም፤ ስለዚህ ከስኮትላንድ ጋር የሚነግዱትን 17 አገሮች ደርድሮ ለእያንዳንዳቸው አሞሌ አቆመ። በእነዚህ አሞሌዎች መካከል ክፍተት አለ፤ መኖሩም ተገቢ ነው፤ በአንዱ አገርና በሌላው መካከል የሚቆጠር ነገር የለምና። የዕድሜ ወይም የቁመት አሞሌዎች ግን መነካካት አለባቸው፤ አንዱ ምድብ ባለቀበት ሌላው ይጀምራል። ዛሬም በሪፖርትና በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሁለቱ ሲምታቱ አያለሁ፤ ልዩነቱ የውበት ጉዳይ አይደለም።

ፈረንሳይ ከ1825 ጀምሮ የወንጀል ክሶችን በዝርዝር መመዝገብ ስትጀምር አንድሬ-ሚሼል ጌሪ በ1833 የተከሳሾችን ቁጥር በዕድሜ ክልል ከፍሎ በአሞሌ አሳየ። ወንጀል በየትኛው ዕድሜ እንደሚበዛ በዓይን ታየ።

1846–1896፦ የወታደሮቹ ደረትና የዱ ምልምሎች

የታሪኩ እምብርት እዚህ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ የብራስልሱ የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው። በ1846 ባሳተመው መጽሐፍ የ5,738 የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ዙሪያ በኢንች በኢንች ከፈለ። 33 ኢንች የሆኑት 3 ናቸው። 36 ላይ 185፣ 38 ላይ 749 ይደርሳል፤ ጫፉ 39 እና 40 ላይ ነው፣ 1,073 እና 1,079። ከዚያ ይወርዳል፦ 42 ላይ 658፣ 44 ላይ 92፣ 48 ላይ አንድ ወታደር ብቻ። አምስት ሺህ ከሚበልጥ የተዝረከረከ ቁጥር ውስጥ የደወል ቅርፅ ወጣ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ይህን ቅርፅ የሚያውቁት በመለኪያ ስሕተት ነበር። ኬትሌ በሰው ገላ ላይ ሲያገኘው ተፈጥሮ «አማካይ ሰው»ን ልትሠራ እያለመች አንዳንዴ የምትስት መሰለው። ይህ ትርጓሜው ዛሬ ተቀባይ የለውም፤ ሥዕሉ ግን ቀርቷል።

ኬትሌ በዚያው ዘዴ ሌላም ነገር ያዘ። የ100,000 የፈረንሳይ ምልምሎች ቁመት ተመድቦ ቀርቦለት ነበር። ከ1 ሜትር ከ57 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ወጣት ከውትድርና ነፃ ይሆናል። ኬትሌ የደወሉን ቅርፅ ከሌሎቹ ምድቦች አስልቶ ከሰንጠረዡ ጋር ሲያስተያይ ከወሰኑ በታች ከ2,000 በላይ ትርፍ ሰው አገኘ፤ ከወሰኑ በላይ ያሉት ሁለት ምድቦች ደግሞ ወደ 2,000 ጎደላቸው። ወጣቶቹ ጉልበታቸውን አጥፈው ይሁን ወይም ለካዩ ራርቶላቸው ሰንጠረዡ አይናገርም። የሚናገረው ሕይወትና ሞት የሚለይ መስመር የተሰመረበት ቦታ ላይ ቁጥሩ እንደሚታጠፍ ነው። ይህን ምልክት እናስታውሰው፤ በሌላ መቶ ዘመንና በሌላ አገር እናገኘዋለን።

ሁለተኛው የፈረንሳይ ታሪክ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ዱ በተባለው የምሥራቅ ፈረንሳይ አውራጃ የምልምሎች ቁመት በኢንች ተመድቦ ሲሣል አንድ ሳይሆን ሁለት ጫፍ አወጣ፤ በመካከሉ ሸለቆ። ሐኪሙና የሕዝብ ጥናት ሊቁ አዶልፍ ቤርቲዮን የሰጠው ማብራሪያ ለዘመኑ ሰዎች አሳማኝ ነበር፦ በአውራጃው ሁለት ዘሮች አሉ፣ አጭሮቹ ኬልቶች፣ ረጃጅሞቹ ቡርጉንዶች። ማብራሪያው ለዓመታት በምሁራን ዘንድ ሲጠቀስ ኖረ።

በ1896 ጣሊያናዊው የጦር ሐኪም ሪዶልፎ ሊቪ ነገሩ ከዘር ጋር ግንኙነት እንደሌለው አሳየ። ወጣቶቹ የተለኩት በሴንቲ ሜትር ነበር፤ ወደ ኢንች ምድብ የተዛወሩት በኋላ ነው። የፈረንሳይ ኢንች 2.707 ሴንቲ ሜትር ነው። እስቲ እኛም በእርሳስ እንሥራው። 60ኛው ኢንች በ162.4 ሴንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል፣ 61ኛው በ165.1፣ 62ኛው በ167.8፣ 63ኛው በ170.5። ከ60 እስከ 61 ባለው ምድብ ሦስት ሙሉ ሴንቲ ሜትሮች ይገባሉ፦ 163፣ 164፣ 165። ከ62 እስከ 63 ባለውም ሦስት፦ 168፣ 169፣ 170። በመካከላቸው ባለው ምድብ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፦ 166 እና 167። የመካከለኛው ምድብ ሲሶው ጎድሏል ማለት ነው። ሸለቆውን የቆፈረው አከፋፈሉ ነው። በአንድ የማካፈል ሥራ ሁለት ሕዝቦች ተፈጥረው ነበር።

ከዚህ ታሪክ በኋላ ማንኛውንም ባለ ሁለት ጫፍ ሥዕል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው የመለኪያውን አሃድና የምድቡን ስፋት ነው፤ አንባቢም እንዲሁ እንዲያደርግ እመክራለሁ።

1891–1926፦ ስም፣ ደንብና ቀመር

ካርል ፒርሰን በ1891 ለንደን በግሬሻም ኮሌጅ ለሕዝብ በሰጠው ትምህርት «ሂስቶግራም» የሚለውን ስም አስተዋወቀ፤ በ1895 በታተመ የምርምር ጽሑፉ አጸናው። አሞሌዎቹ ይነካካሉ፤ ቁጥሩን የሚወክለው የአሞሌው ቦታ ነው። ከ1728ቱ የለንደን መዝገብ የተረፈው ችግር መልስ አገኘ።

ፒርሰንን ወደዚህ ያስገባው የሥነ ሕይወት ሊቁ ራፋኤል ዌልደን ነበር። ዌልደን በኔፕልስ የባሕር ዳርቻ የተሰበሰቡ 1,000 ያህል ሸርጣኖችን ለክቶ የግንባራቸው ስፋት ደወሉን ያዘነበለ ሆኖ አገኘው። ፒርሰን በ1894 ያዘነበለው ቅርፅ የሁለት ደወሎች ድምር ሊሆን እንደሚችል በሒሳብ አሳየ፤ ለዚህም እስከ ዘጠነኛ ደረጃ የሚደርስ እኩልታ በእጅ መፍታት ነበረበት። ከቤርቲዮን የሚለየው ጥርጣሬውን በስሌት መፈተኑ ነው።

በዚያ ዘመን ቁጥርን በምድብ መክፈል ለዓይን ብቻ የሚደረግ አልነበረም። አማካይና ስርጭት በእጅ ሲሰላ 5,000 ቁጥር መደመር የሳምንታት ሥራ ነው፤ 16 ምድብ መደመር ግን ከሰዓት በፊት ያልቃል። ዋጋውም አለው፤ በምድብ ውስጥ ያሉት ሁሉ በመካከሉ እንዳሉ ስለሚቆጠሩ ስሌቱ ትንሽ ይዛባል። ዊልያም ሼፐርድ በ1898 ማረሚያውን አገኘ፦ ከተገኘው የስርጭት መለኪያ (ቫሪያንስ) ላይ የምድቡ ስፋት በራሱ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል የሚገኘውን መቀነስ።

ስንት ምድብ ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን ለልምድ ተትቶ ነበር። በ1926 አሜሪካዊው ኸርበርት ስተርጅስ ከሁለት ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ ቀመር አቀረበ። ሐሳቡ ከሳንቲም ውርወራ የመጣ ነው። 16 ቁጥሮች 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1 ሆነው ቢከፈሉ የተስተካከለ ደወል ይሆናሉ፤ ምድቡ አምስት ነው። መረጃው እጥፍ በሆነ ቁጥር አንድ ምድብ ይጨመራል፤ 1,024 ቢሆን 11 ምድብ። ቀላል ስለሆነ የመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ወሰዱት። ድክመቱ ከጊዜ በኋላ ታየ፤ ለአንድ ሚሊዮን ቁጥር እንኳ 21 ያህል ምድብ ብቻ ስለሚሰጥ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ደግሞም መረጃው ደወል እንደሚሆን አስቀድሞ ያምናል።

1950–1981፦ ከፋብሪካ ወለል እስከ ኩብ ሥር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሂስቶግራም ከምሁራን እጅ ወጥቶ ወደ ሠራተኛ እጅ ገባ። ኤድዋርድ ዴሚንግ በ1950 ለጃፓን መሐንዲሶች ስለ ጥራት ቁጥጥር አስተማረ፤ ካኦሩ ኢሺካዋም ማንኛውም የፋብሪካ ሠራተኛ ሊያውቃቸው ይገባል ካላቸው ሰባት መሣሪያዎች ውስጥ ሂስቶግራምን አስገባ።

ዴሚንግ ሲያስተምርበት የነበረ አንድ ሥዕል የኬትሌን ምልምሎች መልሶ ያመጣል። የ500 የብረት ዘንጎች ውፍረት ተለክቷል፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ዘንግ ይጣላል። በሥዕሉ ላይ ከወሰኑ ወዲያውኑ በታች ያለው አሞሌ ባዶ ነው፤ ወሰኑ ላይ ያለው ግን ከልክ በላይ ረዝሟል። ተቆጣጣሪዎቹ ለጥቂት የጎደለውን ዘንግ «አንድ ሞላ» እያሉ ያሳልፉ ነበር። ምድቦቹ ሰፋ ብለው ቢሆን ይህ አይታይም ነበር።

የስፋቱን ጥያቄ በሒሳብ የቋጩት ሁለት ሥራዎች ናቸው፦ የዴቪድ ስኮት በ1979፣ የዴቪድ ፍሪድማንና የፐርሲ ዲያኮኒስ በ1981። ወንፊት ዓይኑ ሲሰፋ እንክርዳዱ ከፍሬው ጋር ያልፋል፣ ሲጠብ ፍሬው ከእንክርዳዱ ጋር ይቀራል፤ ምድብም እንዲሁ ነው። ከሰፋ እውነተኛውን ቅርፅ ይውጣል፣ ከጠበበ የዕድልን መንቀጥቀጥ ቅርፅ አስመስሎ ያሳያል። ሁለቱ ስሕተቶች ተደምረው የሚያንሱበትን ስፋት ሲፈልጉ መልሱ ከመረጃው ብዛት ኩብ ሥር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ፦ መረጃው በስምንት እጥፍ ሲጨምር የምድቡ ስፋት በግማሽ ይጠባል። ፍሪድማንና ዲያኮኒስ ስፋቱን የለኩት በመካከለኛው ግማሽ መረጃ ስርጭት ስለሆነ ጥቂት ወጣ ያሉ ቁጥሮች አያናጉትም። ደመወዝን ወይም የመሬት ይዞታን ለመሰለ ጥቂቶች እጅግ ለሚበልጡበት መረጃ እኔ ይህን ቀመር እመርጣለሁ።

በካርታ ሥራም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ጄንክስ በ1967 ወሰኑ መረጃው በተፈጥሮ በሚሳሳበት ቦታ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ።

1976 ዓ.ም.፦ በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ቀጥለው የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች መጡ። የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት አገር ዕድሜ የሚነገረው በግምት ነው፦ «ሠላሳ ቢሆነኝ»፣ «ጣሊያን የገባ ዓመት ነው የተወለድኩት»። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዓመት ቁጥር ለብቻው ሲሣል ሥዕሉ እንደ ማበጠሪያ ይቆማል፤ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ላይ ሰው ይከመራል፣ 31 እና 39 ላይ ይሳሳል። ይህ በብዙ አገሮች የታወቀ ነው፤ አሜሪካዊው ጆርጅ ዊፕል በ1919 ክምችቱን የሚለካ አመልካች አውጥቶለታል።

ቆጠራው በአምስት በአምስት ዓመት ምድብ፣ 0–4፣ 5–9 እየተባለ መታተሙ ክምችቱን ያለዝበዋል። አያጠፋውም። በእውነት 29 ሆኖ «ሠላሳ» ያለ ሰው ከ25–29 ወጥቶ 30–34 ውስጥ ገብቷል፤ ዜሮ ከአምስት ይበልጥ ሰው ስለሚስብ ደግሞ በዜሮ የሚጀምሩት ምድቦች ያብጣሉ። በምድብ የቀረበውን ሰንጠረዥ ብቻ የያዘ አጥኚ እብጠቱን የወሊድ መብዛት ነው ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ልክ ቤርቲዮን ሸለቆውን ዘር ነው እንዳለው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ፦ ፕሮግራሙ ሲወስንልን

የኮምፒዩተር መስፋፋት በአንድ በኩል ነፃ አወጣን፤ ስፋቱን በሰከንድ መቀያየር ይቻላል። በሌላ በኩል ግን ውሳኔውን ከእጃችን ወሰደው። «አር» የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ካልተነገረው የ1926ቱን የስተርጅስ ቀመር ይጠቀማል። የፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ተጠቃሚዎች የሚሥሉበት ማትፕሎትሊብ መረጃው 50ም ይሁን 50,000 አሥር ምድብ ይሰጣል። ኤክሴል በ2016 ሂስቶግራምን ራሱን የቻለ ሥዕል አድርጎ ሲያስገባ የስኮትን ቀመር መረጠ። አንድ መረጃ ለሦስቱ ቢሰጥ ሦስት የተለያዩ ሥዕሎች ሊወጡ ይችላሉ፤ አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ቀድቶ ሪፖርቱ ውስጥ ይለጥፋል።

በጠባብ ምድብ ማሳተም ምን እንደሚጠቅም ፖላንድ አሳይታለች። የአገሪቱ ማዕከላዊ የፈተና ኮሚሽን የመልቀቂያ ፈተና ውጤቶችን በነጥብ በነጥብ ከፍሎ ያትማል። የፖላንድ ቋንቋ ፈተና ከ70 የሚታረም በነበረበት ጊዜ ማለፊያው 30 በመቶ፣ ማለትም 21 ነጥብ ነበር። በ2010ዎቹ የታተሙት ሥዕሎች ከ21 በታች ባሉት ነጥቦች ላይ ጉድጓድ፣ 21 ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ ምሰሶ ያሳያሉ። መምህራኑ ለጥቂት የወደቀውን ተማሪ የጎደለችውን ነጥብ ፈልገው ያሳልፉት ነበር። የኬትሌ ምልምል፣ የዴሚንግ ዘንግ፣ የፖላንድ ተማሪ፤ መስመሩ ባለበት ሁሉ ቁጥሩ ታጥፏል። ውጤቱ በአሥር በአሥር ነጥብ ተከፍሎ ቢታተም ግን ጉድጓዱ በምድቡ ውስጥ ተውጦ ይቀር ነበር።

በእኛ አገር ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሕዝቡ በቃሉ የያዘው አንድ ቁጥር ነው፦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። ይህ ሁለት ምድብ ብቻ ያለው ሂስቶግራም ነው። 49 ያመጣውና 15 ያመጣው ተማሪ በአንድ አሞሌ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው የጥቂት ወራት ድጋፍ ሊሆን ይችላል፣ ለሁለተኛው ግን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የተበላሸ ነገር አለ። ለወላጅ፣ ለመምህርና ለበጀት አውጪ ይህ ልዩነት ከ3.3 በመቶው ይልቅ ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ ቁጥር የምታሳትሙ ሁሉ፣ በትምህርትም በጤናም በስታቲስቲክስም መሥሪያ ቤት ያላችሁ፣ ውጤቱን ቢያንስ በአምስት በአምስት ነጥብ ከፍላችሁ ሙሉውን አውጡልን። የምድቡን ስፋት ጻፉ፤ 50 ያመጣ ሰው ከ40–50 ይቆጠር ከ50–60 ግልጽ አድርጉ፤ ጥሬውን ቁጥር ማውጣት የሚቻል ከሆነም አውጡት፣ ሌላ ሰው በሌላ ስፋት ሥሎ እንዲያየው።